እንቁላል ሽቅቡን ከየት ያውቃል?

ልጅ ሳለሁ እናቴ ዶሮ ስታስታቅፍ ከጎኗ አልጠፋም ነበር። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቅነቅ ታደርጋቸዋለች። የሚንቦጫቦጨውን ለይታ ታወጣለች። የተረፉትን በከሰል ምልክት ታደርግባቸዋለች። ሌላ ዶሮ መጥታ አዲስ ብትጥልበት እንዳይምታታ ነው። ከዚያ ጭድ የተጎዘጎዘበት ቅርጫት ውስጥ ትደረድራቸውና 21 ቀን መቁጠር ይጀመራል።

እኔን የምትገርመኝ ግን ዶሮዋ ነበረች። እንቅልፍ የወሰዳት ትመስላለች። ድንገት ብድግ ትልና በመንቆሯ እንቁላሎቹን ታገላብጣለች። የከሰሉ ምልክት አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ይሆናል። ለምን እንደምታገላብጣቸው ስጠይቅ እናቴ «ሁሉም ጋ ሙቀት እንዲደርስ ነዋ» አለችኝ። ልክ ናት። ግን ሌላም ምክንያት አለው። እሱን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጠፈር ላይ ስለተላኩ እንቁላሎች ሳነብ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን። እግሩ በየት በኩል መውጣት እንዳለበት ማን ይነግረዋል? መጀመሪያ ላይ ውስጡ ያለው አስኳልና ነጩ ብቻ ነው። ራስ የሚሆነው የቱ ጋ ነው? ጀርባውስ? ሆዱስ? አንድ ነገር ላይና ታቹን ለጽንሱ ሊነግረው ይችላል፤ የመሬት ስበት። ምድር ላይ ሙቀቱም፣ አየሩም፣ ባሕሩም ሲቀያየር ኖሯል። ስበቱ ግን ያው ነው። እስካሁን የተወለደ እንስሳ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚሁ ስበት ውስጥ ነው የተሠራው። እሱ ቢጠፋ ወይም ቢበዛ ጽንሱ ምን ይሆናል? ጥያቄው 140 ዓመት ገደማ አስቆጥሯል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዶሮዋ አንራቅ። እንቁላሉ ገና ሆዷ ውስጥ እያለ፣ ቅርፊቱ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ወደ 20 ሰዓት ያህል ይቆያል። ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በዝግታ ይሽከረከራል። አሁን አንድ እንቁላል ሰብራችሁ ሳህን ላይ አድርጉ። አስኳሉ ላይ ፈዘዝ ያለች ትንሽ ነጭ ነጥብ ታያላችሁ። ጽንሱ የሚጀምረው እዚያች ነጥብ ላይ ነው። ከነጥቧ ስር ያለው አስኳል ከሌላው ቀለል ስለሚል፣ እንቁላሉን እንዴትም ብታዞሩት ነጥቧ ወደ ላይ መምጣት ትፈልጋለች። ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ግን እንቁላሉ እየዞረ ይጎትታታል። ስበት ወደ ላይ፣ ሽክርክሪቱ ወደ ጎን። ነጥቧም አጋደል እንዳለች ትቆያለች። ከፍ ብሎ የሚቆየው ጠርዝ የጭራው በኩል ይሆናል። ዝቅ ያለው ደግሞ የራሱ በኩል።

የዚህን ውጤት ካርል ኤርንስት ፎን ቤር የተባለ የጽንስ ተመራማሪ በ19ኛው መቶ ዘመን አስተውሎት ነበር። እንቁላሉን በጎኑ አስተኝታችሁ፣ ሰፊውን ጫፍ ወደ ግራ ብታደርጉት፣ አብዛኛውን ጊዜ የጽንሱ ራስ ከእናንተ ወዲያ፣ ጭራው ወደ እናንተ ሆኖ ይገኛል። እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ራስና ጭራው ተለይቷል ማለት ነው። እናቴ ቅርጫቱ ውስጥ ስትደረድራቸው ነገሩ አልቆ ነበር።

ትልቁ ክርክር የተነሳው ግን በዶሮ ሳይሆን በእንቁራሪት ነው። የእንቁራሪት እንቁላል ቅርፊት የለውም። ውሃ ውስጥ ይጣላል፣ ሁሉ ነገሩ በዓይን ይታያል። ግማሹ ጥቁር ቡናማ፣ ግማሹ ነጣ ያለ ነው። ነጣ ያለው በኩል አስኳል ስለታጨቀበት ይከብዳል። የወንዴው ዘር ሲገባ እንቁላሉ ከሸፈነው ስስ ሽፋን ላላ ይልና በራሱ ይዞራል። ከባዱ ወደ ታች፣ ጥቁሩ ወደ ላይ። አንድ ሳህን ሙሉ እንቁላል በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም ጥቁር ፊቱን ወደ ላይ ሲያዞር ያየ ሰው፣ ስበት እዚህ ውስጥ እጁ የለበትም ብሎ ለማሰብ ይቸገራል።

በ1880ዎቹ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ፍሉገር እንዲህ ነው ያለው። እንቁላሎቹ እንዳይዞሩ አጋድሎ ያዛቸው። የመጀመሪያው ክፍፍላቸው የራሳቸውን ቀለም ሳይሆን የስበቱን አቅጣጫ ተከትሎ አገኘው። ስለዚህ ጽንሱን የሚመራው ስበት ነው አለ። ሌላው ጀርመናዊ ዊልሄልም ሩ በዚህ አልተስማማም። እንቁላሎቹን በዝግታ በሚዞር መንኮራኩር ላይ አሰራቸው። ስበቱ ከየአቅጣጫው እየመጣ ስለሚጣፋ ላይና ታች የሚባል ነገር አይኖራቸውም። እንቁላሎቹ ምንም ሳይሆኑ አደጉ። እሱም ስበት አያስፈልግም አለ።

የኋላ ሰዎች ሁለቱም የያዙት እውነት እንዳላቸው አሳዩ። የወንዴው ዘር ከገባ በኋላ የእንቁላሉ የውጭ ቆዳ በውስጠኛው ላይ 30 ዲግሪ ያህል ይንሸራተታል። የሚጎትቱት በእንቁላሉ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። የት አቅጣጫ እንደሚንሸራተት የሚወስነውም ዘሩ የገባበት ቦታ ነው፤ ከእሱ በተቃራኒ ያለው በኩል ጀርባ ይሆናል። እስከዚህ ስበት አልተጠራም። ግን በዚያች ሰዓት እንቁላሉን አጋድላችሁ ብትይዙት፣ ከባዱ ውስጡ ራሱ ይንሸራተትና ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጀርባው ሌላ ቦታ ይወጣል። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የነበሩ ተመራማሪዎች እንቁላሎቹን በሴንትሪፊዩጅ፣ ማለትም በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ፣ ከምድር የበለጠ ስበት እንዲሰማቸው አደረጉ። ይህን ከመጀመሪያው ክፍፍል በፊት ሲያደርጉት ብዙዎቹ ተጣብቀው የተወለዱ መንትዮች ሆኑ። ሁለት ራስ፣ አንድ ሆድ። የተቀየረ ዘረ መል የለም፣ የገባ መድኃኒት የለም። ስበት ብቻ፣ በትክክለኛዋ ሰዓት።

ሰዓቷን ያዙልኝ። ያንኑ ስበት ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብታመጡት መንትያ አይወጣም።

ታዲያ ስበት ጨርሶ ባይኖርስ? ይህንን ምድር ላይ በትክክል መሞከር አይቻልም። የሩ መንኮራኩር ስበቱን ያምታታል እንጂ አያጠፋውም። እውነቱን ለማወቅ ጠፈር መውጣት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። የጠፈር ጣቢያው ያለበት 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስበት አለ። የምድር ላዩን 90 በመቶ ገደማ ነው። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ጣቢያው ራሱ ምድርን እየዞረ ያለማቋረጥ ስለሚወድቅ ነው። ገመዱ የተበጠሰ ሊፍት ውስጥ ያለ ሰው እግሩ ወለሉን አይጫንም፤ አብረው እየወደቁ ነዋ። ልዩነቱ ጣቢያው መሬት አለመንካቱ ነው። እንቁላሉም፣ አስኳሉም፣ ነጩም እኩል ስለሚወድቁ ከባዱ ከቀላሉ በታች የሚዘቅጥበት ምክንያት የለም።

መስከረም 1992 ኢንዴቨር መንኮራኩር አራት ሴት እንቁራሪቶች ይዛ ወጣች። ሥራውን የሠራችው ሜ ጄሚሰን ናት፤ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ሐኪምም። እንቁራሪቶቹን እንቁላል እንዲጥሉ ሆርሞን ወጋቻቸው። እንቁላሎቹ እዚያው ከተዘጋጀ የወንዴ ዘር ጋር ተገናኙ። ከዚያ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ክብደት አልባ ሆነው ቀሩ፤ ግማሾቹ በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ የምድር ያህል ስበት ተሰጣቸው። ይህ ሁለተኛው ቡድን ወሳኝ ነው። ልዩነት ከታየ በስበቱ ነው ወይስ በማስወንጨፊያው ንዝረት፣ በጨረር፣ በጉዞው ድካም ነው የሚለውን የሚለየው እሱ ነው።

እንቁላሎቹ ተከፋፈሉ፣ አደጉ፣ ተፈለፈሉ። የፍሉገር ሐሳብ እንደነበረው ቢሆን ኖሮ አንድም ጽንስ ጀርባና ሆዱን ባልለየ ነበር። ልዩነት ግን ነበረ። ጽንሱ ገና የህዋስ ኳስ ሆኖ ሳለ ውስጡ ውሃ የሞላ ክፍት ቦታ አለው። ጠፈር ላይ የዚያ ክፍት ቦታ ጣሪያ ወፈረ። ምድር ላይ ስበት ሲጨመር ደግሞ ጣሪያው ይሳሳል። የህዋስ ንጣፉ ውፍረት ከስበት ጋር አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። የሚገርመው ጽንሱ ይህን ሁሉ በኋላ ማስተካከሉ ነው። ጣሪያው ወፍሮ የጀመረውም ሳስቶ የጀመረውም መጨረሻ ላይ ደህና እንቁራሪት ሆነ።

ከዚህ ሙከራ እኔ የማልረሳው ግን ሳንባቸው ነው። ጭራዋን እየነቀነቀች የምትዋኘው የእንቁራሪት እጭ ከተፈለፈለች ብዙም ሳትቆይ ወደ ውሃው ወለል ወጥታ አየር መጎንጨት አለባት። በዚያች ጉንጭ አየር ሳንባዋ ይነፋል። ጠፈር ላይ አየሩ ውሃው ውስጥ አረፋ ሆኖ ተበትኖ ነበር። ቢሆንም የውሃ ወለል የለም፣ ወደ ላይ የሚባል ነገርም የለም። እጮቹ ሳንባ ነበራቸው። አልነፉትም። ምድር ተመልሰው አየር መጎንጨት ሲጀምሩ ሳንባቸው ተነፋ፣ በቀናት ውስጥም ከሌሎቹ የማይለዩ ሆኑ። አካሉ ያለ ስበት ተሠርቷል፤ የአካሉን አጠቃቀም የሚያሳያቸው ግን ስበት ነበር።

(የእነዚህ እንቁራሪቶች የቅርብ ዘመዶች በእኛም ደጋ ውሃዎች ውስጥ ይኖራሉ። ላርጌኒ የምትባለዋ ዝርያ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አትገኝም። በዓለም ቤተ ሙከራዎች እንዲህ የምትከበር ፍጥረት ዘመድ የእኛ ጎረቤት መሆኗ ደስ ይለኛል።)

ዓሣም ብዙ አልተቸገረም። በ1994 ሜዳካ የሚባሉ አራት ትናንሽ የጃፓን ዓሦች ኮሎምቢያ መንኮራኩር ላይ ተጋቡ። 43 እንቁላል ጣሉ። ስምንቱ እዚያው ሲፈለፈሉ፣ ሌሎች 30 ደግሞ ካረፉ በሦስት ቀን ውስጥ ተፈለፈሉ።

ዶሮ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። በ1989 ጆን ቬሊንገር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት፣ ገና ተማሪ ሳለ ባመነጨው ሐሳብ 32 ዘር የገባባቸው የዶሮ እንቁላሎች ወደ ጠፈር ተላኩ። ሲነሱ ግማሾቹ የሁለት ቀን፣ ግማሾቹ የዘጠኝ ቀን ጽንስ ነበሩ። የዘጠኝ ቀኖቹ ተረፉ። ከሁለት ቀኖቹ አንድም አልተረፈም። ከሦስት ዓመት በኋላ ጃፓኖች ደገሙት፤ ገና ያልታቀፉ፣ የሰባት ቀንና የአሥር ቀን እንቁላሎች፣ ከየዓይነቱ አሥር አሥር። አሁንም የሞቱት ያልታቀፉት ናቸው። ከአሥሩ ዘጠኙ።

ምክንያቱ ወደዚያች ነጭ ነጥብ ይመልሰናል። ምድር ላይ አስኳሉ ከነጩ ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፍና ወደ ቅርፊቱ ይጠጋል። ጽንሱ ከላይ ስላለ ከቅርፊቱ ስር ይሆናል። የሚተነፍስበት በደም ስር የተሞላ ስስ ሽፋን ከቅርፊቱ ጋር የሚገናኘው በዚህ ቅርበት ነው። በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ኦክስጅን የሚገባለት በዚያ በኩል ነው። ጠፈር ላይ አስኳሉ አይንሳፈፍም። መሃል ላይ፣ በነጩ እንደተከበበ ይቀራል። ጽንሱ ቅርፊቱ ጋ አይደርስም። የዘጠኝ ቀኖቹ ይህን ግንኙነት ከመነሳታቸው በፊት ጨርሰው ስለነበር ዳኑ።

የእናቴ ዶሮ ማገላበጥ ግማሽ መልሱም እዚህ ነው። ቅርፊቱ ጋ መጠጋቱ ጥሩ ነው፤ ሳይገላበጥ ከቆየ ግን ጽንሱ ያለጊዜው ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል። ዶሮዋ ስታገላብጠው ይጠጋል እንጂ አይጣበቅም። ስበት እያስጠጋ፣ እሷ እያላቀቀች። ይህን ሳውቅ ያቺን ዶሮ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት አማረኝ፤ ብዙ ጊዜ ዱላ ይዤ አስደንግጫታለሁና።

እስካሁን ያየነው አካል ስለመሥራት ነው። አካሉን መልመድ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1990 ሚር በሚባለው የሶቪየት የጠፈር ጣቢያ ላይ የድርጭት ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ጤነኛ ጫጩቶች ነበሩ። ግን ወለል ላይ መቆም ስላልቻሉ በየአቅጣጫው ይንሳፈፉ ነበር። ምግባቸው ጋ ተረጋግተው መድረስ ስላቃታቸው በሰው እጅ ተይዘው መመገብ ነበረባቸው።

ይህን ለመረዳት የውስጥ ጆሮን ማየት ያስፈልጋል። የእኛም፣ የዓሣም፣ የአይጥም ውስጥ ጆሮ ደቃቅ የኖራ ጠጠሮች አሉት። ጭንቅላታችን ሲጋደል ጠጠሮቹ ይንሸራተቱና ከስራቸው ያሉትን የነርቭ ፀጉሮች ይጫናሉ። አንጎል ላይና ታቹን የሚለየው በዚህ ነው። ክብደት አልባ ሆነው ባደጉ የውሃ ቀንድ አውጣዎችና አንዳንድ ዓሦች ላይ ጠጠሮቹ ከተለመደው በልጠው ተገኙ። ስበት በተጨመረባቸው ላይ ደግሞ አነሱ። ልክ እንደ ሚዛን ነው። ጆሮው የሚፈልገው የተወሰነ የጫና መጠን አለ። ስበቱ ሲያንስ ድንጋይ ይጨምራል፣ ስበቱ ሲበዛ ይቀንሳል። ማንም ሳያዘው ሚዛኑን ያስተካክላል።

ችግሩ ወደ ምድር ሲመለሱ ነው። በ1991 ወደ 2,500 የሚጠጉ ጄሊፊሾች ጠፈር ሄደው በዘጠኝ ቀን ወደ 60,000 በዙ። እዚያ ያደጉት ምድር ሲደርሱ ከሌሎቹ ይልቅ ዋናቸው ተምታቶባቸው ታየ። አይጥ ላይ ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነው። ሶቪየቶች በ1983 ያረገዙ አይጦችን ለአምስት ቀን ልከው ነበር። ግልገሎቹ ምድር ላይ በሰላም ተወለዱ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ መንኮራኩሮች እርጉዝ ሆነው የሄዱ አይጦች ሲወልዱ፣ ግልገሎቹን በጀርባቸው ወደ ሞቀ ውሃ ጣል አድርገው አዩአቸው። ምድር የተረገዙት ወዲያው ይገለበጣሉ። ከጠፈር የመጡት ይዘገያሉ። በጥቂት ቀን ውስጥ ግን ለመዱት።

በ1998 የተላኩት የተወለዱ ግልገሎች ነበሩ፤ መራመድ በሚለማመዱበት ዕድሜ ለ16 ቀን። ከእነዚህ መካከል ከተመለሱ በኋላም የመገልበጥ ዘዴያቸው ከእኩዮቻቸው እንደተለየ የቀረ ነበሩ። ለዓይን ሐኪም ይህ አዲስ አይደለም። ሕፃን ልጅ አንድ ዓይኑ በጊዜው በደንብ ካላየ፣ በኋላ ዓይኑ ቢታከም እንኳ አንጎሉ ያንን ዓይን መጠቀም ሊሳነው ይችላል። ማየትን የምንማርበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ፣ ስበትን የምንማርበትም ጊዜ አለ ማለት ነው።

አጥቢ እንስሳ ላይ የጎደለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። በ1979 ሶቪየቶች ወንድና ሴት አይጦችን ጠፈር ላይ አንድ ላይ አስቀመጡ። ልጅ አልተገኘም። ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ቻይናውያን የአይጥ ጽንሶች በሳተላይት ውስጥ ከጥቂት ህዋስ ተነስተው ማደግ እንደሚችሉ አዩ። በጃፓን የያማናሺ ዩኒቨርሲቲው ቴሩሂኮ ዋካያማና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ2021 ሁለት ህዋስ ብቻ የሆኑ የቀዘቀዙ የአይጥ ጽንሶች ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላኩ። ጠፈርተኛ አቅልጦ ለአራት ቀን አሳደጋቸው። ውጤቱ በ2023 ወጣ። ከክብደት አልባዎቹ ሩብ ያህሉ ወደ ማህፀን ለመግባት የሚደርሱበት ደረጃ ላይ ደረሱ። ገላ የሚሆኑት ህዋሶች ከውስጥ፣ እንግዴ ልጅ የሚሆኑት ከውጭ ተለይተው ነበር። ምድር ላይ ከቀሩት ሲነጻጸር ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው። ግን እዚያው ጣቢያ ላይ በሽክርክሪት የምድር ስበት የተሰጣቸውም ቢሆኑ ምድር ካሉት አንሰው ነበር። ስለዚህ ጉዳቱን ሁሉ ስበት ላይ መጫን አይቻልም።

አራት ቀን ግን ገና ደጃፉ ነው። ከዚያ በኋላ ጽንሱ ማህፀን ላይ መጣበቅ፣ እንግዴ ልጅ መሥራት፣ አጥንትና ጡንቻ ማውጣት አለበት። ከመጀመሪያዋ ህዋስ እስከ ወሊድ ድረስ ጠፈር ላይ ያለፈ አጥቢ እንስሳ የለም። ሰውማ ጭራሽ። ማርስ ላይ ስለመኖር የሚያወሩ ሰዎች ስለ ሮኬት ብዙ ይላሉ፤ ስለ ልጅ ግን ብዙም ሲሉ አይሰማም። ማርስ ላይ ስበቱ የምድር 38 በመቶ ነው። ጨረቃ ላይ አንድ ስድስተኛ። ዜሮ አይደሉም፣ ሙሉም አይደሉም። የዶሮዋን አስኳል ወደ ቅርፊቱ ለማንሳት አንድ ስድስተኛ ይበቃል? የአይጥ ግልገልን መገልበጥ ለማስተማርስ? ጃፓኖች ጣቢያው ላይ ባላቸው ሽክርክሪት የጨረቃን ያህል ስበት ፈጥረው አይጦች አኑረውበታል። አይጦቹ አዋቂዎች ነበሩ።